የትንፋሽ መሣሪያዎች ስምና የስማቸው ምንጭ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማሠልጠኛው ክፍል ውስጥ አንድ ዕጩ መምህር ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ዋሽንት ይነፋል እንላለን፤ ዱቄትም ይነፋል እንላለን። ግሱ አንድ ነውን?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፣ ትንፋሹም ዱቄቱም በቀዳዳ የሚያልፉ ናቸውና አንድ ነው ብዬ መለስሁ። መልሱ ለራሴም ደስ አለኝ፤ ሠላሳውም ዕጩዎች በየደብተራቸው ጻፉት። ስሕተት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሮቹ ከነስሕተታቸው ወደየትምህርት ቤቱ ተበተኑ። ይህችን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ዕዳ ነው።

በግዕዝ በአፍ መንፋት «ነፍኀ» ነው፤ ዕብራይስጡና ዐረብኛውም በዚሁ ሥር ይናገራሉ። ዱቄት መንፋት ግን «ነፈየ» ይባላል። አማርኛ የ«ኀ»ን የጕሮሮ ድምፅ ስለ ጣለ፣ ሁለቱ ልዩ ልዩ ግሶች «ነፋ» በሚል በአንድ መልክ ተገናኙ። ስለዚህ የቀጥቃጩ ወናፍ ለዋሽንት ነፊው በግስ ዘመዱ ነው፤ የእናቶቻችን ወንፊት ግን ባዕድ ነው። ነፋስንም ከ«ነፍኀ» ለማውጣት የሚሞክሩ አሉ፤ እርሱ ግን የ«ነፍሰ» ልጅ ነው።

ሌላው ስም ከተሠራበት ነገር የተገኘ ነው። የግዕዙ «ቀርን» የእንስሳውንም ቀንድ፣ የሚነፋውንም ቀንድ ያመለክታል፤ የእኛ «ቀንድ» ከእርሱ ወጣ። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች የኢያሪኮን መሣሪያ «ቀንደ መለከት» ሲሉት ሁለቱን ስም አጋቡ። በሮማይስጥም «ኮርኑ» ቀንድም መለከትም ነው፤ በፈረንጅ አገር ኮርኔት የሚባለው ከዚያ ተወለደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። ተማሪዎቻችን እምቢልታን፣ መለከትንና ዋሽንትን አንድ አድርገው «ዋሽንት» ይላሉ። ዋሽንት ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ ስላለው አንድ ሰው ብቻውን ዜማ ያወጣበታል። እምቢልታ ግን ይህ ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ነፊ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ስለ ሆነ ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ዜማውን ይሞሉታል። መለከትም ቀዳዳ የለውም፤ ከነጋሪት ጋር የሹመትና የሥልጣን ምልክት ነበረ። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍም በፓቴ ከዝሆን ጥርስ፣ በላሙ ከናስ የተሠራው «ሲዋ» እንዲሁ የገዢዎች ክብር ነበረ።

ጡሩምባ እንግዳ ነው። ምንጩ የኢጣልያንኛው «ትሮምባ» ነው። ኢጣልያኖች የውኃ መሳቢያውንም ትሮምባ ይሉት ስለ ነበረ፣ ቃሉ በቱርክና በዐረብ አገር የመሳቢያ ስም ሆኖ ቀረ። የስዋሂሊ ሕዝብ ደግሞ የዚህኑ ቃል ዘመድ ከፖርቱጋሎች ተቀብሎ «ታሩምቤታ» አለው። እኛና እነርሱ በሁለት በር ከአንድ ቤት ተበደርን ማለት ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት በአዲስ አበባ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። እንዲህ ካሉ ጓዶች ጋር የፈረንጅ መሣሪያዎች ስም በአገራችን እየተለመደ ሄደ። ትሮምቦን «ትልቅ ትሮምባ» ማለት ነው፤ ሳክስፎንም በ1846 መብቱን ባስመዘገበው በቤልጅጉ በአዶልፍ ሳክስ ስም ተጠራ። እንግዲህ በሌሊት እየዞረ የዕድር አባላትን ለቀብር የሚጠራው ጡሩምባና በሰልፍ ሜዳ የሚያገሣው ትሮምቦን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ለዚያ ዕጩ መምህር ደብዳቤ ጽፌ «ነፈየ»ንና «ነፍኀ»ን ለየሁለት። ለቀሩትም ጽፌአለሁ፤ እስካሁን ከሠላሳው መልስ የላኩልኝ አሥራ አንዱ ናቸው።