ቃሬዛውን ማን ተሸከመው?

እ.ኤ.አ. በ1891 ላይፕሲግ ከተማ ውስጥ አንድ ወታደር በጨለማ ይራመድ ነበር። ሰውነቱ ላይ ጋዝ የተሞሉ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ታስረዋል፤ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው ቦግ ቦግ ይላሉ፣ ካሜራዎቹም ብርሃኑን ይቀዳሉ። ይህን ያዘጋጁት የአናቶሚ መምህሩ ቪልሄልም ብራውነ እና የሒሳብ ሰው የነበረው ኦቶ ፊሸር ናቸው። ሰውዬው የተራመደው ጥቂት እርምጃ ነው። ብራውነ በዓመቱ ሞተ፤ ፊሸር ግን የእነዚያን እርምጃዎች ስሌት ሲያሳትም እስከ 1904 ቆየ። ያለ ኮምፒውተር!

ክርክሩ የቆየ ነበር። የቬበር ወንድማማቾች በ1836 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ወደ ፊት የሚወነጨፈው እግር እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም በገዛ ክብደቱ ይወዛወዛል፣ ጡንቻ አያስፈልገውም ብለው ነበር። የፊሸር ስሌት ይህን አፈረሰው፤ ጡንቻዎቹ ይሠራሉ። እሺ፣ የትኞቹ? ምን ያህል?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ዐሥር ሰዎች በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ሲሄዱ አስቡ። የቃሬዛው ክብደት ይታወቃል። ማን ትከሻውን እንደሰጠ፣ ማን ደግሞ እንጨቱን ነካ ብቻ አድርጎ አብሮ እንደሚሄድ ግን ከውጭ አይታይም። ጉልበትም እንዲሁ ነው፤ መገጣጠሚያው የሚፈልገውን ጠቅላላ ኃይል ማስላት ይቻላል፣ የሚስቡት ጡንቻዎች ግን ብዙ ናቸው፣ አንዳንዶቹም በተቃራኒው ይስባሉ። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ጡንቻው መቼ እንደነቃ ይነግረናል፤ በስንት ኪሎ እንደሳበ አይነግረንም። ለሒሳቡ መልስ ጠፍቶ አይደለም፤ መልሱ ስፍር ቁጥር የለውም።

ስለዚህ መምረጫ ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎቹ ሲሬግ እና አርቪካር፣ ሰውነት ቆጣቢ ነው ብለን እንነሳ፣ ከመልሶቹ ሁሉ ትንሹን ድካም የሚጠይቀውን ኮምፒውተር ይፈልግልን አሉ። በ1981 ክራውኒንሺልድና ብራንድ ይህን አሻሻሉት፤ የእያንዳንዱን ጡንቻ ጫና ሦስት ጊዜ በራሱ አባዝተህ ደምር፣ ድምሩን አሳንስ። አንዱን ጡንቻ ብቻውን ማስጨነቅ ውድ ስለሚሆን ሸክሙ ይከፋፈላል። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ይህ ያምራል። ግን ልብ በሉ፣ ማንም ገብቶ አላየም፤ ስለ ሰውነት ጠባይ የተሰጠ ግምት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግምቱ ይህን ያህል መሥራቱ ነው። በ2001 አንደርሰንና ፓንዲ 54 ጡንቻ ያለው ሞዴል ሠርተው፣ ለተጓዘው ርቀት የሚያወጣውን ጉልበት እንዲቆጥብ ቢያዙት፣ የሰው የሚመስል አረማመድ አወጣ።

በርሊን ውስጥ እነ በርግማን ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ውስጥ መለኪያ ከትተው ለታካሚዎች ገጥመዋል። ሰው ሲራመድ ዳሌው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ትርፉን የሚያመጡት ጡንቻዎቹ ናቸው። ይህም ቢሆን የቃሬዛው ጠቅላላ ክብደት እንጂ የእያንዳንዱ ተሸካሚ ድርሻ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ስኮት ዴልፕ በ1990 የእግርን አጥንትና ጡንቻ በኮምፒውተር ግራፊክስ የሠራው የአጥንት ቀዶ ሕክምናን ለማጥናት ነበር። ሴሬብራል ፖልሲ ያለባቸው አንዳንድ ልጆች ጉልበታቸውን አጥፈው ይራመዳሉ። የተለመደው ሕክምና ቋንጃቸው አጥሯል ብሎ በቀዶ ሕክምና ማስረዘም ነበር። በ1996 ዴልፕና ባልደረቦቹ የእነዚህን ልጆች አረማመድ በሞዴሉ ውስጥ ሲያስኬዱት፣ የብዙዎቹ ቋንጃ አላጠረም። ጤናማውን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ የረዘመም ነበር። ያላጠረን ጡንቻ ማስረዘም ደግሞ ማዳከም ነው፤ ያውም ተመልሶ በማይጠገን እግር ላይ።

ዛሬ ከዚያ ሥራ የተወለደው ኦፕንሲም በ2007 በነፃ ስለተለቀቀ ማንም ላፕቶፑ ላይ ሊጭነው ይችላል። የዴልፕ የመጀመሪያው ሞዴል አጥንቶች ግን የጎልማሳ ወንድ ልክ ነበሩ። የልጅን እግር ለማስላት የጎልማሳውን ማሳነስ ይቻላል፤ የእነዚህ ልጆች የጭን አጥንት ግን ብዙ ጊዜ የተጠማዘዘ ነው፣ ጥምዝ ደግሞ በማሳነስ አይመጣም። ተመራማሪዎቹም ወደ ኤምአርአይ ምስል ዞረው የየልጁን አጥንት ለየብቻ መሥራት ጀመሩ።