ከአሮጌው የወለል ንጣፍ ስር ያለው ታሪክ



በተለይ በአሜሪካ የቆየ ቤት ገዝታችሁ ለማደስ የተነሳችሁ ወላጆች፣ የወለሉን ንጣፍ መፈልፈል ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። መዶሻና መሮ ይዞ አሮጌ ታይል ከኮንክሪት ላይ ማላቀቅ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ይመስላል። ከስሩ ግን ብዙ ሰዎች በሕይወታቸው የከፈሉበት የመቶ ዓመት የሕክምና ታሪክ አለ።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ፣ እንደ ጥጥ የሚፈተል ማዕድን ነው። እሳት አይበላውም፣ ርካሽ ነው፣ ጥንካሬም ይሰጣል። ስለዚህ በአሜሪካ ከ1920ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ በብዙ የአስፋልትና የቪኒል ታይሎች ውስጥ ይቀላቀል ነበር። ታይሉን ከኮንክሪቱ ጋር የሚያያይዘው ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ማጣበቂያም ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ነበረበት።

ታዲያ ጉዳቱ መቼ ታወቀ? እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዟ ሮችዴል ከተማ ኔሊ ከርሾ የተባለች የ33 ዓመት ሴት ሞተች። ሥራዋ በፋብሪካ ውስጥ አስቤስቶስ መፍተል ነበር። ዶክተር ዊልያም ኩክ ሳንባዋን ሲመረምር ጠባሳ ሞልቶት፣ በውስጡም የማዕድኑን ብናኝ አገኘ። በ1927 ለበሽታው አስቤስቶሲስ የሚል ስም ሰጠው። ቤተሰቧ ግን ከአሠሪዎቿ ካሳ አላገኘም። በ1931 እንግሊዝ በፋብሪካዎች ውስጥ አቧራውን የሚቆጣጠር ደንብ አወጣች።

ብዙዎች ጉዳዩ የፋብሪካ ሠራተኞች ብቻ ይመስላቸው ነበር። በ1960 ግን ዶክተር ዋግነርና ባልደረቦቹ ከደቡብ አፍሪካ 33 የሜሶቴሊዮማ ሕመምተኞችን ታሪክ አሳተሙ። ሜሶቴሊዮማ የሳንባን ሽፋን የሚይዝ ከባድ ካንሰር ነው። ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ ማዕድን ቆፋሪዎች አልነበሩም፤ በልጅነታቸው በማዕድኑ አካባቢ የኖሩ ነበሩ።

ወላጆችን ይበልጥ የሚመለከተው የ1965ቱ የለንደን ጥናት ነው። ኒውሃውስና ቶምሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የ76 ሕመምተኞችን የኑሮ ታሪክ አጠኑ። 9ኙ ፋብሪካ ገብተው አያውቁም፤ የሠራተኛ ቤተሰቦች ነበሩ። አብዛኞቹ የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሚስቶች ናቸው። ሁለቱ ደግሞ በልጅነታቸው እህቶቻቸው በፋብሪካው ይሠሩ የነበሩ ወንዶች ናቸው። አቧራው በልብስ ላይ ተቀምጦ ቤት ድረስ ገብቷል ማለት ነው።

ይህ ለምን ይሆናል? የአስቤስቶስ ክሮች በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ናቸው። ስንተነፍሳቸው ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይገባሉ፤ ሰውነታችንም በቀላሉ አያስወግዳቸውም። በሽታው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ልጆች ከፊታቸው ብዙ ዕድሜ ስላላቸው ይበልጥ ልንጠነቀቅላቸው ይገባል።

«ጎጂ ቢሆን መንግሥት ይከለክለው ነበር» የምትሉ ትኖራላችሁ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1989 አብዛኛውን ምርት ከልክሎ ነበር፤ በ1991 ፍርድ ቤት የእገዳውን ትልቁን ክፍል ሻረው። ክሪሶታይል በተባለው የአስቤስቶስ ዓይነት ላይ እገዳ የወጣው በ2024 ነው። ሕግ ደግሞ ቀድሞ የተነጠፈውን ከወለላችን አያነሳልንም።

መልካሙ ዜና፦ ያልተሰበረ ታይል ክሮቹን አጥብቆ ይዟቸዋል። አደጋው የሚነሳው ሲሰበር፣ ሲፋቅና ሲፈጭ ነው። ስለዚህ፦

• ቤቱ ከ1980ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ንጣፉም ማጣበቂያውም አስቤስቶስ እንዳለበት ቁጠሩት። በዓይን አይለይም፤ የሚለየው በላቦራቶሪ ብቻ ነው። ናሙናውንም የሠለጠነ ሰው ቢወስድ ይመረጣል።
• ንጣፉ ደህና ከሆነ ባለበት ተዉት፤ አዲሱን ወለል ከላዩ ማንጠፍ ይቻላል።
• መነሳት ካለበት ፈቃድ ያለው የአስቤስቶስ ባለሙያ ይሥራው። ሥራው እስኪያልቅ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከቤቱ ይራቁ።
• በግራይንደር አትፍጩ፣ በደረቁ አትፋቁ፣ በመጥረጊያ ወይም በቤት ቫኪዩም አታጽዱ። ተራ የፊት ማስክ አይከላከልም።
• አስቤስቶስ የሌለበት ሴራሚክም ቢሆን፣ እሱንና ኮንክሪቱን በደረቁ መቁረጥና መፍጨት ሲሊካ የተባለ አቧራ ያስነሳል። ይህም ሳንባን ይጎዳል፤ በውኃ እያራሱ፣ ትክክለኛውን የመተንፈሻ መከላከያ አድርጎ መሥራት ያስፈልጋል።

ሳታውቁ ቀድማችሁ ያነሳችሁ ካላችሁ አትደንግጡ። አንድ ጊዜ ለአጭር ሰዓት መጋለጥ የሚያመጣው አደጋ አነስተኛ ነው። ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ የምታጨሱ ከሆነ አቁሙ፤ ማጨስና አስቤስቶስ ሲደመሩ የሳንባ ካንሰርን አደጋ እጅግ ይጨምራሉ። በግንባታ ሥራ የምትተዳደሩ ደግሞ የሥራ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ቤት አትግቡ፤ ልጆቻችሁን ከማቀፋችሁ በፊት ታጠቡ።

የለንደኖቹ ሚስቶች ልብሱን ሲያጥቡ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኛ ግን አውቀናል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ቤት እያደሰ ላለ ወዳጃችሁ ይህን አጋሩለት።