የአሮጌ ካሚዮን የፋብሪካ ራዲዮ፤ ከአርገብጋቢው እስከ ትራንዚስተሩ

በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ የተገጠመው የፋብሪካ ራዲዮ ድምፁ በተዘጋ ጊዜ ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማው ፍርድ አጭር ነው። «ጊዜው አልፎበታል፤ ንቀለውና አዲስ ግጠምበት» ይባላል። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል። ይሁንና የፋብሪካ ራዲዮ ከባትሪው፣ ከዲናሞው፣ ከድምፅ ማጉያው፣ ከአንቴናውና ከመኪናው የብረት አካል ጋር ተገናዝቦ የተነደፈ ዕቃ በመሆኑ፣ ከእነዚህ አንዱን ነጥሎ የሚለውጥ ባለሙያ የሌሎቹን ሚዛን ሳያውቀው ሊያናጋ ይችላል። አዲሱ ራዲዮ በተገጠመ በሳምንቱ የሚቃጠልበት፣ ጤነኛ የነበረው ባትሪ ያለ ዕድሜው የሚሞትበት፣ ዳግመኛ የማይገኝ የዳሽቦርድ ብረት በመጋዝ ተቆርጦ የሚቀርበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ስለሆነም ለጥገናም ሆነ ለማሻሻል የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ነገር ቢኖር፣ በእጁ ያለው ራዲዮ በየትኛው ዘመን፣ የትኛውን ችግር ለማቃለል የተሠራ መሆኑን ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የዚህን ዕቃ ታሪክ ከሠሪዎቹ አንጻር በመቃኘት፣ እያንዳንዱ ዘመን ለጠጋኙ ትቶት ያለፈውን ትምህርት ለማመልከት ይሞክራል። ዋናው ምሳሌያችን የአሜሪካ ቀላል የጭነት መኪና ሲሆን፣ የዘመን ቁጥሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ራዲዮን በተሽከርካሪ ውስጥ የመግጠም ሙከራ በ1920ዎቹ የተጀመረ ቢሆንም፣ ነገሩ ለገበያ የሚበቃ ዕቃ ለመሆን የቻለው በ1930 ነው ለማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት በቺካጎ ከተማ የነበረው የፖል ጋልቪን ኩባንያ «ሞቶሮላ» የሚል ስም የሰጠውን የመኪና ራዲዮ ለሽያጭ አቀረበ። ስሙ የሞተርን ቃል በዘመኑ የሸክላ ማጫወቻዎች ከተለመደው የስም መድረሻ ጋር ያጣመረ ነበር፤ ኩባንያውም በ1947 ይህንኑ ስም የራሱ መጠሪያ አድርጎ ወስዶታል። በአውሮፓም በ1932 በብላውፑንክት ስም የወጣው «ኤ ኤስ 5» የተባለው ራዲዮ 15 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን፣ ከፍተኛ ዋጋም ያወጣ ነበር። ከዚህ እንደምንረዳው የመኪና ራዲዮ በመጀመሪያው ዘመን ከባድና ውድ የሆነ የቅንጦት ዕቃ ነበር።

የእነዚያ መሐንዲሶች ትልቁ ራስ ምታት የኀይል ጥያቄ ነበር። የራዲዮ ቫልቮች በሚገባ ለመሥራት 200 ቮልት የሚጠጋ ቀጥተኛ ኮረንት ይሻሉ፤ የዘመኑ መኪና ባትሪ ግን የሚሰጠው 6 ቮልት ብቻ ነው። ትራንስፎርመር ኮረንትን ከፍ ማድረግ የሚችለው ኮረንቱ ተለዋዋጭ ሲሆን ነው እንጂ ከባትሪ እንደሚወጣው ቀጥተኛ ሲሆን አይደለም። በመጀመሪያ የተገኘው መላ ልዩ ደረቅ ባትሪዎችን በመኪናው ወለል ሥር መደርደር ነበር፤ እነርሱም ቶሎ ያልቁ ነበርና ባለቤቱን ያማርሩት ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን «ቫይብሬተር» የተባለው አርገብጋቢ በሥራ ላይ ዋለ። ይህ መሣሪያ በአነስተኛ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ የተቀመጠ፣ በሰከንድ 115 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ የብረት ምላስ ሲሆን፣ የባትሪውን ኮረንት እየቆራረጠ ለትራንስፎርመሩ ያቀብላል። ትራንስፎርመሩ ከፍ ያደረገውን ኮረንት ደግሞ ሌላ ቫልቭ ወደ ቀጥተኛነት ይመልሰዋል። በእነዚያ ራዲዮኖች ላይ ቁልፉ ሲከፈት የሚሰማው እንደ ንብ ያለ ጥዝታ የዚህ ምላስ ድምፅ ነው።

ለጠጋኙ ከዚህ ዘመን የተረፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ከትራንስፎርመሩ በኋላ የሚገኘውና ኮረንቱ በሚቆረጥበት ጊዜ የሚፈጠረውን ድንገተኛ ንረት የሚያለዝበው አነስተኛ ኮንዴንሰር፣ 1600 ቮልትን የሚችል ሆኖ እንዲሠራ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ኮንዴንሰር ካረጀ የአርገብጋቢው መገናኛ ይቃጠላል፤ ብሶበት ውስጡ ከተገናኘ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ይዞት ይጠፋል። ስለዚህ የቫልቭ ራዲዮ ለብዙ ዓመታት ዝም ብሎ ከኖረ በኋላ «ይሠራ እንደሆን እንየው» ብሎ ባትሪ ላይ ማገናኘት የተለመደ፣ ግን ከፍተኛ ጉዳት የሚያስከትል ችኮላ ነው። ይህን ኮንዴንሰርና ሌሎቹን በሰም የተነከሩ የወረቀት ኮንዴንሰሮች አስቀድሞ መለወጥ ለሥራው መቅድም ሊሆን ይገባል።

በጭነት መኪና ላይ ራዲዮ የገባው ከቤት አውቶሞቢል ዘግይቶ ነው። ካሚዮን የሥራ መሣሪያ ተብሎ ይቆጠር ስለነበር፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በወጡት የፎርድና የሸቭሮሌ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ ሳይቀር ራዲዮ በተጨማሪ ዋጋ የሚገዛ ነገር ነበር። ያልገዛው ሰው መኪና ላይ የራዲዮው ቦታ በቆርቆሮ ክዳን ተሸፍኖ ይወጣል። ስለሆነም ዛሬ በአንድ አሮጌ መኪና ላይ የሚገኘው ራዲዮ ከመኪናው ጋር አብሮ የወጣ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ዘመኑን ለመለየት የሚረዳ አንድ ምልክት አለ። በ1950ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የጠላት አውሮፕላን ጥቃት ቢደርስ ሕዝቡ የሚያዳምጥባቸው ሁለት የሞገድ ቁጥሮች፣ ማለትም 640 እና 1240 ኪሎኸርዝ፣ በራዲዮ ሰሌዳ ላይ በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች እንዲመለከቱ አዝዞ ነበር። ይህ ደንብ ከ1953 እስከ 1963 በሥራ ላይ የቆየ በመሆኑ፣ ምልክቶቹ ያሉት ራዲዮ የዚያ ዘመን ሥራ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላው ነገር የባትሪው አቅጣጫ ነው። ፎርድ እስከ 1955 ድረስ መኪናዎቹን የሠራው በ6 ቮልትና የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር እንዲገናኝ አድርጎ ሲሆን፣ በ1956 ወደ 12 ቮልትና ወደ ኔጋቲቭ አካል ተሻግሯል። ሸቭሮሌ ደግሞ በ6 ቮልት ዘመንም ቢሆን የሚያገናኘው ኔጋቲቩን ነበር። ቫልቭ ያለው ራዲዮ ብዙውን ጊዜ የአቅጣጫውን መገልበጥ ይታገሣል፤ አርገብጋቢው ራሱ ኮረንቱን ቀጥተኛ የሚያደርግ ዐይነት ከሆነ ግን አይታገሥም። ትራንዚስተር ያለው ራዲዮ ደግሞ በአንድ የተሳሳተ ቅጽበት ይሞታል።

ወደ 12 ቮልት የተደረገው ሽግግርና በ1947 በቤል ላቦራቶሪ የተፈለሰፈው ትራንዚስተር የተገናኙት በመልካም ጊዜ ነበር። በ1955 ፊልኮና ክራይስለር ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ የመኪና ራዲዮ በ150 ዶላር አቀረቡ። ይሁንና ዋጋው ለብዙ ሰው የሚቀመስ ስላልነበረ፣ ለጥቂት ዓመታት የተስፋፋው በ12 ቮልት ብቻ እንዲሠሩ የተነደፉ ቫልቮችን ከአንድ የኀይል ትራንዚስተር ጋር ያጣመረው ድቅል ራዲዮ ሆነ። በዚህ ዐይነት አርገብጋቢውም፣ ከፍተኛው ቮልትም፣ ጥዝታውም ባንድ ጊዜ ቀሩ። በ1960ዎቹ ቫልቮቹም ቀስ በቀስ ተሰናበቱ።

አሁን ወደ ድምፅ ማጉያው እንለፍ፤ ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። ዛሬም ድረስ የምንጠቀምበት የወረቀት ሾጣጣና የሽቦ ጥቅል ያለው ድምፅ ማጉያ በ1925 በራይስና በኬሎግ የተገለጸው ነው። በመኪና ላይ በዳሽቦርዱ መካከል፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ይገጠም ስለነበር፣ ወረቀቱ በፀሐይ ሙቀት ይደርቅና ይሰነጠቃል። የተንሻከረ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ራዲዮውን መውቀስ ስለማይገባ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ወረቀት ነው። የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የነበረው ዴልኮ ለጭነት መኪናዎች የሠራቸው ብዙዎቹ የትራንዚስተር ራዲዮኖች 10 ኦም የሆነ ድምፅ ማጉያ እንዲሸከሙ የተነደፉ ነበሩ፤ ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ግን 4 ኦም ነው። በቀላል ስሌት እንየው። 10 ቮልት በ10 ኦም ላይ ቢያርፍ 1 አምፔር ያልፋል፤ በ4 ኦም ላይ ቢያርፍ ግን 2.5 አምፔር ይሆናል። በልኩ የተመደበው የጀርማኒየም ትራንዚስተር ይህን ሸክም አይችለውም። አንድ ሰው ድምፅ ማጉያውን በአዲስ ከለወጠ በኋላ «ራዲዮውም አብሮ አረጀ» የሚለው፣ በእውነቱ ራዲዮውን ያቃጠለው አዲሱ ድምፅ ማጉያ ሆኖ ሳለ ነው። ድምፅ ማጉያውን ጨርሶ ነቅሎ ራዲዮውን መክፈትም እንዲሁ ያስጠፋል።

በ1961 አሜሪካ የሁለት መሥመር የኤፍ ኤም ሥርጭትን ፈቀደች፤ በ1963 ፊሊፕስ ካሴቱን አወጣ። እነዚህ ነገሮች ወደ ካሚዮን ጋቢና እስኪደርሱ ድረስ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም፣ በደረሱ ጊዜ አንዱ ድምፅ ማጉያ አልበቃ አለ። ከ1973 እስከ 1987 በተሠሩት የሸቭሮሌ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ ለምሳሌ ተራው ራዲዮ የሚጠቀመው በዳሽቦርዱ መካከል ባለ አንድ 4 በ10 ኢንች ሞላላ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ አንቴናውም በፊት መስታወቱ ውስጥ የተቀበረ ቀጭን ሽቦ ነበር። በእነዚህ ላይ ዘመናዊ ራዲዮ የሚገጥም ሰው የግራውንና የቀኙን መውጫ አንድ ላይ ጠምዝዞ ከዚያ አንድ ድምፅ ማጉያ ጋር ቢያገናኝ ሁለቱ መውጫዎች እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ትክክለኛው መላ ሁለት የሽቦ ጥቅል ያለው ድምፅ ማጉያ በዚያው ቦታ ማስገባት ነው። እንዲሁም በብዙ የቀድሞ ራዲዮኖች ላይ የድምፅ ማጉያው አንዱ ሽቦ ከሻንሲው ጋር ይገናኝ ነበር። የዛሬዎቹ ራዲዮኖች ግን ሁለቱም ሽቦዎች ሕያው ስለሆኑ፣ አንዳቸውም የመኪናውን ብረት መንካት የለባቸውም። ስለዚህ አሮጌውን ሽቦ እንዳለ መጠቀም አይገባም፤ አዲስ ጥንድ ሽቦ መዘርጋት ግድ ነው።

በ1980ዎቹ ከጀርመን ደንብ የተወሰደው 182 በ53 ሚሊ ሜትር የሆነው ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ዓለም አቀፍ መለኪያ ሆነ። ከዚያ በፊት የነበሩት ራዲዮኖች በሁለት ዘንግና በመካከላቸው ባለ ትንሽ ግንባር የሚገጠሙ ስለነበሩ፣ አዲሱን ለማስገባት ሲባል የስንቱ ካሚዮን ዳሽቦርድ በመጋዝ ተቆርጧል። ራዲዮ ይለወጣል፤ የተቆረጠ ብረት ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

በአገራችን መንገዶች ላይ «ኤንትሬ» በሚል ስም የምናውቀው ፊያት 682ን የመሰሉ ከባድ መኪናዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ኤሌክትሪካቸው 24 ቮልት ነውና። ይህን የሚሰጡት በተርታ የተያያዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ናቸው። ለአሽከርካሪው ደስ እንዲለው ተብሎ 12 ቮልት ራዲዮ ሲገጠም፣ ሽቦውን ከአንዱ ባትሪ ላይ ብቻ መሳብ ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን ያ ባትሪ ከወንድሙ ይበልጥ ይደክማል፤ የኮረንት መሙያው ደግሞ ሁለቱን እኩል እንደሆኑ ቆጥሮ ስለሚሞላ፣ አንዱ ሳይጠግብ ሌላው ከመጠን በላይ ይሞላል። በመጨረሻም ሁለቱም ይበላሻሉ። 24ን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ መሣሪያ ዋጋው ከአንድ ባትሪ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የቁጥር ሰሌዳ ያለው ራዲዮ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር መታየት አለበት። በአሜሪካ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች በ10 ኪሎኸርዝ ልዩነት ሲደረደሩ፣ በአፍሪካና በአውሮፓ ከ1978 ጀምሮ ልዩነቱ 9 ነው። አሮጌው በእጅ የሚዞረው መርፌ ይህን ልዩነት አያውቀውም፤ ሁሉንም ይይዛል። ባለ ቁጥሩ ግን ማስተካከያ ከሌለው ብዙዎቹን ጣቢያዎች በትክክል አያገኛቸውም። አሮጌ መሣሪያ ከአዲሱ የሚሻልበት ቦታ አለ ማለት ይህ ነው።

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ አንድ የሥራ ቅደም ተከተል ማውጣት ይቻላል። በመጀመሪያ የባትሪውን ቮልትና አቅጣጫ መለካት፤ ቀጥሎ ሻንሲው ላይ የታሰረው ሽቦ ከዝገት የጸዳ መሆኑን ማረጋገጥ፤ ከዚያም ድምፅ ማጉያውን በኦም መለኪያ መመርመር፤ በመጨረሻ ራዲዮውን ከፍቶ የደረቁትን ኮንዴንሰሮች መለወጥ። በሜትር የሚለካው የኦም ቁጥር ከተመደበው ጥቂት ዝቅ እንደሚል መዘንጋት የለበትም። የካንዴላ መንጫጫት የሚሰማ ከሆነ መድኃኒቱ የሚገኘው ከራዲዮው ውስጥ ሳይሆን ከሞተሩ ዘንድ፣ በካንዴላ ሽቦዎቹና በዲናሞው ኮንዴንሰር ላይ ነው። ማሻሻል የሚፈልግ ባለቤት ካለም፣ የፋብሪካውን ፊት እንዳለ ትቶ አዲሱን አምፕሊፋየር ከወንበር ሥር መሸሸግ፣ በየሽቦው ላይ ተገቢውን ፊውዝ ማስገባትና ምንም ብረት ሳይቆርጡ መጨረስ ይቻላል።

የሠራነውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ከመኪናው ሰነድ ጋር ማኖርም የሥራው ክፍል ነው። እነዚህን ራዲዮኖች የነደፉት መሐንዲሶች አብዛኞቹ በሕይወት የሉም፤ የሥራ ሥዕሎቻቸውም እየጠፉ ነው። ከእኛ በኋላ ያን ጋቢና የሚከፍተው ጠጋኝ የሚያገኘው ማስረጃ እኛ የተውንለት ሽቦና እኛ የጻፍንለት ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። የትኛው ሽቦ ለምን እንደተለወጠ፣ ድምፅ ማጉያው ስንት ኦም እንደሆነ፣ ኮረንቱ ከየት እንደተሳበ በሁለት መሥመር የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ ለዚያ ሰው የብዙ ቀን ድካም ያድንለታል።