«ጎንበስ በይ»፦ የአከርካሪ መጣመም ቀዶ ሕክምና ውጤት የተሻሻለበት ታሪክና የእኛ ድርሻ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ሳለሁ፣ ከጅማ በስተ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው የቡና ከተማ ወደ አጋሮ ለቡድን ሥልጠና ተመድቤ ነበር። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው። አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ሳል ይዟት ከእናቷ ጋር መጣች። እኔም ልብሷን ሳላስወልቅ ደረቷን አዳምጬ መድኃኒት ማዘዝ ጀመርሁ። አብረውኝ የነበሩት አንጋፋ ነርስ «ዶክተር፣ ጀርባዋን አይተውታል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ነርሷ ነጠላዋን አንሥተው በኦሮምኛ «ጎንበስ በይ» ቢሏት፣ በቀኝ በኩል ያለው የጎድን አጥንቷ ከግራው በላይ ጉብ ብሎ ወጣ። እናቲቱ አልደነገጡም። ከሁለት ለቀማ በፊት፣ ልጃቸው ከዛፉ ሥር የረገፈውን ቡና ጎንበስ ብላ ስትለቅም አይተውት ነበር፤ ውኃ መሸከሟ ያመጣባት መስሏቸው ነው ዝም ያሉት። በኋላ ጅማ ላይ የተነሣችው ራጅ፣ ጥመቱ በብሬስ፣ ማለትም በጀርባ መደገፊያ፣ ሊገታ ከሚችልበት ደረጃ ማለፉን አሳየ።

ያች ልጅ ከአእምሮዬ አልጠፋችም። ስለ አከርካሪ መጣመም (ስኮሊዮሲስ) ቀዶ ሕክምና ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ብረት ዘንጉ፣ ስለ ብሎኑና ስለ ቀዶ ሐኪሙ እጅ ነው። የሕክምናው ታሪክ ግን ውጤቱ የተሻሻለው በብረቱ ብቻ እንዳልሆነ ይመሰክራል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚደረገው ዝግጅትና ሕመምተኛው የሚደርስበት ጊዜ የብረቱን ያህል፣ አንዳንዴም ከብረቱ ይልቅ፣ ወሳኝ ሆነው ተገኝተዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያልተሸሸገ መዝገብ

በ1911 የኒው ዮርኩ ሐኪም ራስል ሂብስ፣ በነቀርሳ የተጎዳን አከርካሪ አጥንቶቹን እርስ በርስ በማጣበቅ ማጽናት እንደሚቻል ጽፈው አሳወቁ። በ1914 ደግሞ ይህንኑ ዘዴ ለስኮሊዮሲስ ተጠቀሙበት። ሕሙማኑ በጀሶ ታሽገው ለብዙ ወራት መተኛት ነበረባቸው። በ1941 በአሜሪካ 425 ሕሙማንን ያካተተ የውጤት ጥናት ታተመ፤ በቀዶ ሕክምና ከታከሙት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ውጤታቸው መካከለኛ ወይም ደካማ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለሙያው የሚያኮራ መዝገብ አልነበረም። ሆኖም ሳይሸሸግ ታተመ፤ ለመሻሻሉም መነሻ የሆነው እንዲህ ያለው ግልጽነት ይመስለኛል።

ዶክተር ፖል ሃሪንግተን በሂዩስተን ከተማ በፖሊዮ የተጠቁ ሕፃናትን ያክሙ ነበር። የሕፃናቱ መተንፈሻ ጡንቻዎች ስለ ደከሙ ጀሶውን አይችሉትም። ስለዚህ ከውስጥ የሚደግፍ የብረት ዘንግና መንጠቆ ሠሩ። በመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ላይ አጥንቱን ሳያጣብቁ ብረቱን ብቻ ቢያስገቡ፣ ብረቱ እየተሰበረ ወይም እየተላቀቀ ጥመቱ ተመለሰ። ውድቀቱን በጥንቃቄ መዝግበው፣ ብረቱ አጥንቱ እስኪጣበቅ ድረስ ብቻ የሚያገለግል ደጋፊ መሆኑን ተረዱ። በ1962 ያሳተሙት ዘዴያቸውም ለሁለት ዐሥርተ ዓመታት ያህል የዓለም መለኪያ ሆነ።

ጥመቱን ማቅናት በተቻለ ቁጥር ግን ኅብለ ሰረሰርን የመጉዳት አደጋ አብሮ ጎላ። በ1973 በፈረንሳይ ስታኛራና ባልደረቦቻቸው አንድ ቀላል ዘዴ አስተዋወቁ፤ በቀዶ ሕክምናው መካከል ማደንዘዣውን አቅልሎ ሕመምተኛው እግሩን እንዲያንቀሳቅስ ማዘዝ ነው። እግሩ ካልተንቀሳቀሰ የተሰጠውን የማቅናት ኃይል ወዲያው ማላላት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ የነርቭን መልእክት በኤሌክትሪክ የሚከታተሉ መሣሪያዎች መጥተዋል። በ1970ዎቹ የሜክሲኮው ኤድዋርዶ ሉኬ ዘንጉን በየአከርካሪው በሽቦ በማሰር፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጀሶ የማያስፈልግበትን መንገድ አገኙ። በ1980ዎቹ ኮትሬልና ዱቡሴ ጥመቱን ከነመዞሩ የሚያርም መሣሪያ ሠሩ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የኮሪያው ሱክ ብሎንን በደረት አከርካሪ ላይ መጠቀምን አስፋፉ። እንደ ትራኔክሳሚክ አሲድ ያለ መድኃኒትም በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሚፈሰውን ደም ቀንሷል።

ከአዲስ አበባ እስከ አክራ

በአገራችን የዚህ ሕክምና ታሪክ ሲወሳ የዶክተር ሪክ ሆድስ ስም አብሮ ይነሣል። አሜሪካዊው የውስጥ ደዌ ሐኪም መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1984 በድርቁ ዘመን ነው። በ1999 አዲስ አበባ በሚገኘው የማዘር ቴሬዛ ድርጅት ውስጥ፣ አከርካሪያቸው በነቀርሳ ተሰብሮ የጎበጡ ሁለት ልጆች አግኝተው ለማሳከም ተነሡ። በኋላም ከጋናዊው ቀዶ ሐኪም ከፕሮፌሰር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ ጋር ተባብረው በርካታ ኢትዮጵያውያንን ወደ ጋና ልከዋል። ፕሮፌሰሩ በ1998 ፎኮስ የተባለውን ድርጅት መሥርተዋል፤ ድርጅቱ በ2012 አክራ ውስጥ የራሱን የአጥንት ሕክምና ሆስፒታል ከፈተ።

ከኢትዮጵያ ከሄዱት ሕሙማን ብዙዎቹ በምዕራቡ ዓለም የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም የማይታይ፣ ከ100 ዲግሪ ያለፈ ጥመት ነበራቸው። እንዲህ ያለውን አከርካሪ በአንድ ቀን ለማቅናት መሞከር ሽባ የማድረግ አደጋ አለው። ስለዚህ አንድ የቆየ ዘዴ ተጠናክሮ ሥራ ላይ ዋለ። ፔሪና ኒከል በ1959 ያስተዋወቁት፣ በራስ ቅል ላይ በብሎን የሚጠብቅ የብረት ቀለበት ይታሠራል፤ ቀለበቱም በገመድና በክብደት ወደ ላይ እየተሳበ፣ ልጁ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ወይም በመደገፊያ እየተራመደ ለሳምንታት ይቆያል። ክብደቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ የእጅና የእግር ጥንካሬ በየጊዜው ይመረመራል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥም የልጁን ምግብና አተነፋፈስ ለማሻሻል ዕድል ይገኛል።

በ2015 ከዚሁ የጋና ማዕከል የታተመ ጥናት 29 ሕሙማንን መዝግቧል። በአማካይ 131 ዲግሪ የነበረው ጥመት ቢላዋ ሳይነካው፣ በመሳብ ብቻ፣ ወደ 90 ዲግሪ ወረደ። የመሻሻሉ አብዛኛው ክፍል የተገኘውም በመጀመሪያዎቹ 63 ቀናት ገደማ ነው። ቀለበቱን ማሠር የቀዶ ሐኪሙ ሥራ ቢሆንም፣ ክብደቱን እየጨመረ፣ የብሎኑን ቁስል እያጸዳና የነርቭ ምርመራውን እየመዘገበ ሳምንታቱን የሚያሳልፈው በአብዛኛው ነርሱ ነው።

ወደ አጋሮ ስንመለስ

የ131 ዲግሪ ጥመት በአንድ ሌሊት አይፈጠርም። አንድ ቀን 25 ዲግሪ ነበር። ያን ቀን አንድ ሰው አይቶት ቢሆን ኖሮ የሕክምናው መንገድ ሌላ በሆነ ነበር። በ2013 የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ከ20 እስከ 40 ዲግሪ ጥመት ያላቸውን በማደግ ላይ ያሉ ልጆች ተከታትሏል፤ ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው፣ ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው ደግሞ 48 በመቶው፣ ቀዶ ሕክምና ወደሚጠይቅ ደረጃ ሳይደርሱ እድገታቸውን ጨርሰዋል። ብሬሱን በቀን ረዘም ላለ ሰዓት ያደረጉት የበለጠ ተጠቅመዋል።

ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። እንግሊዛዊው ዊልያም አዳምስ በ1865 እንዳስተማሩት፣ ልጁ ጀርባው ተገልጦ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ፣ ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ ጎንበስ ይበል። ከኋላ ሆነን የአንዱ ጎን የጎድን አጥንት ከሌላው ከፍ ማለቱን እናያለን። ጉብታው በመሐል ላይ የሾለ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የእግር መድከም ካለ የአከርካሪ ነቀርሳን እንጠርጥር፤ ይህ ቀጠሮ የማይሰጠው ነው። ለወላጆችም ውኃ ወይም ቡና መሸከም ስኮሊዮሲስን እንደማያመጣ፣ እርግማንም እንዳልሆነ እንንገራቸው። ጥፋተኛ የመሰለው ወላጅ ልጁን ይሸሽጋልና።

ሃሪንግተን ዘዴያቸውን ያሻሻሉት የገጠማቸውን ውድቀት በመመዝገብ ነው። እኔም የራሴን መዝግቤአለሁ፤ ጀርባ ሳላይ ደረት አዳመጥሁ። ዛሬ ለሳልም ይምጣ ለሆድ ቁርጠት፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከፊቴ ሲቀመጥ፣ ከመሸኘቴ በፊት የእኚያን ነርስ ቃል እደግማለሁ፦ «እስቲ ጎንበስ በል፤ እስቲ ጎንበስ በይ»።