ከንጉሡ ድንኳን ዙሪያ የወጡ ማዕረጎች

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው የጦርና የቤተ መንግሥት ማዕረጎች አብዛኞቹ በመነሻቸው የክብር መጠሪያዎች ሳይሆኑ፣ አንድ ሹም በንጉሡ ሰፈር ውስጥ የት እንደሚቆም፣ በየትኛው ወገን እንደሚሰለፍና ምን እንደሚሠራ የሚናገሩ የሥራ ስሞች ነበሩ። ጎንደር በ17ኛው ክፍለ ዘመን መናገሻ ሆና እስክትቆረቆር ድረስ ነገሥታቱ አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ ያሳለፉ ስለነበር፣ መንግሥት ራሱ በየጊዜው የሚነቀልና የሚተከል ሰፈር ነበር ማለት ይቻላል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በዐፄ ልብነ ድንግል አገር የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ሰፈሩ በተተከለ ቁጥር እያንዳንዱ ሹም ከንጉሡ ድንኳን በስተቀኝ ወይም በስተግራ በታወቀ ቦታው ላይ እንደሚያርፍ ጽፏል።

የማዕረጎቹ ትርጉም የሚገባው ይህ አሰፋፈር በዐይነ ኅሊና ሲታይ ነው። ቀኛዝማች የቀኙን ክንፍ፣ ግራዝማች የግራውን ክንፍ የሚያዘምት ሲሆን፣ ፊታውራሪ ደግሞ ከዋናው ጦር ቀድሞ የሚገሠግሰውን ኃይል የሚመራ ነው፤ ከኋላ ሆኖ ጦሩን የሚጠብቀው ክፍል ደጀን ይባላል። ደጃዝማች፣ በቀድሞው አጻጻፍ ደጅ አዝማች፣ በንጉሡ ድንኳን ደጃፍ ላይ የተመደበው አዝማች ሲሆን፣ ሕዝቡ በንግግር አሳጥሮ ደጃች ይለዋል። ከፊት ሆኖ የመጀመሪያውን ጥይት ከሚቀበለው ፊታውራሪ ይልቅ ደጅ የሚጠብቀው ደጃዝማች በማዕረግ መላቁ፣ ሹመት የሚመዘነው በአደጋው መጠን ሳይሆን ለንጉሡ በመቅረብ እንደነበረ ያሳያል።

ነገር ግን የማዕረግ ክብደት በስሙ ብቻ አይታወቅም ነበር፤ የማን ሹም እንደሆነም መጠየቅ ነበረበት። ራሶችና ደጃዝማቾችም የራሳቸውን ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች ይሾሙ ስለነበር፣ የአንድ ደጃዝማች ፊታውራሪና የንጉሠ ነገሥቱ ፊታውራሪ መጠሪያቸው አንድ ቢሆንም ሥልጣናቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ነበር። ለዚህ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት የገቡት እኚህ ሰው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ እስካረፉበት እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስም በፊታውራሪነታቸው ጸንተው፣ የራስነት ማዕረግ የደረቡ ብዙ መኳንንት ምክራቸውን የሚሹና ቁጣቸውን የሚፈሩ ሆነው ኖረዋል።

በእልፍኝና በችሎት የነበሩት ሹመቶችም እንዲሁ ሥራቸውን በስማቸው ይናገራሉ። አፈ ንጉሥ በንጉሡ ስም የሚፈርድ ዋና ዳኛ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ የንጉሡን ቃል የሚጽፍና ማኅተሙን የሚጠብቅ፣ በጅሮንድ የግምጃ ቤት ኀላፊ፣ ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃና የቀረጥ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ሊቀ መኳስ ነው፤ በጦርነት ቀን እንደ ንጉሡ ለብሶና አጊጦ የጠላትን ዐይንና ጥይት ወደ ራሱ የሚስብ፣ ማዕረጉ በንጉሡ ፈንታ የመሞት ግዴታ ያለበት ሰው ነበር። ይህን ማዕረግ ይዞ ወደ አድዋ የዘመተው አባተ ቧያለው ኋላ ራስ ተብሏል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሹመት ሲያቋቁሙም አዲሱ ሥራ በአሮጌው ስም ላይ ተደረበ፤ ፍርዱ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ ገንዘቡ ለበጅሮንድ ሙሉጌታ፣ ንግዱ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ስሙ ከሥራው እየተለየ ሄደ። በቢሮ የሚሠራ ባለሥልጣን ደጃዝማች፣ ጦር መርቶ የማያውቅ ባለርስት ቀኛዝማች መባሉ የተለመደ ሆነ።

ከማዕረጉ ጎን ለጎን ጦረኛው የሚጠራበት የፈረስ ስም ነበረው፤ ይኸውም አባ የሚለው ቃል ከሚጋልበው ፈረስ ስም ጋር ተጣምሮ የሚወጣ መጠሪያ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር፤ ሀብተ ጊዮርጊስም ብልሃታቸውን በሚያወሳው አባ መላ በሚለው ቅጽል ስማቸው ዛሬም ይታወሳሉ። ማዕረግ ከላይ ሲሰጥ የፈረስ ስም በፉከራና በአዝማሪ አፍ ስለሚኖር፣ ሹመቱ ቢሻር እንኳ ስሙ አይሻርም። የራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው፣ ልጃቸው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለላኩት ጦር መጠሪያ ሆኖ ባሕር ተሻግሯል።

በተራው ሕዝብ አንደበት ውስጥ ታላቁ ለውጥ የደረሰው ግን በአቶና በወይዘሮ ላይ ነው። አቶ ዘርና ደረጃ ላለው ሰው፣ ወይዘሮ ለነገሥታትና ለመኳንንት ሴቶች ተለይተው ይነገሩ የነበሩ ሲሆን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት መዝገብና ጋዜጣ እየተስፋፉ ሲሄዱ አቶ ለማንኛውም ጎልማሳ፣ ወይዘሮ ለማንኛዋም ባለትዳር ተዳረሱ። ያለ ዐዋጅና ያለ ጠብ ገበሬውና ባለርስቱ በአንድ መጠሪያ የተጠሩበት ይህ ለውጥ፣ ከብዙ የተጻፈ ሕግ ይልቅ ወደ ሰው እኩልነት የቀረበ ነበር።

ደርግ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ዘውዱን ከማዕረጎቹ ጋር ሽሮ፣ ጓድ የሚለውን መጠሪያ አነገሠ። ሆኖም የደርጉ መኮንኖች ራሳቸው ይጠሩባቸው የነበሩት ስሞች ከጥንቱ የጦር አቆጣጠር የወጡ ነበሩ፤ ሻለቃ የሺህ አለቃ ማለት ሲሆን፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃና ዐሥር አለቃም ቁጥሩን በግልጽ ይዘዋል፤ ምንም እንኳ በዘመናዊው ጦር ውስጥ አንድ መቶ አለቃ የሚመራው ወታደር ከመቶ በብዙ ቢያንስም። አዲስ አበባም አሰፋፈሩን አልረሳችም፤ ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ የጦር ማረፊያ ማለት ሲሆን፣ ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ካሳ ሰፈር መኳንንቱ ከነተከታዮቻቸው የሠፈሩባቸውን ቦታዎች ይጠራሉ። ከጥንቶቹ ሹመቶች መካከል እስከ ዛሬ ስሙም ሥራውም ሳይለያይ የቀረው ከንቲባ ነው፤ በጎንደር ዘመን የከተማዪቱ ሹም ይጠራበት የነበረው ይህ ስም፣ ዛሬም ከተማ የሚያስተዳድር ሰው በየደብዳቤው ግርጌ ከፊርማው በታች የሚጽፈው ነው።