ሐኪም ወርቅነህን ፍለጋ፦ አንድ ሰው በሦስት መሳቢያ

ሰሞኑን በውጭ አገር ትምህርቱን በመከታተል ላይ ያለ አንድ ወጣት ወዳጄ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ደጋግመው ያጫውቱን ነበር። በዩኒቨርሲቲያችን የመረጃ ቋት ስማቸውን አስገብቼ ብፈልግ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ምናልባት እኛው ያገዘፍናቸው ሰው ይሆኑ?»

ጥያቄው ከነከነኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም ለፍለጋ ተቀመጥሁ፤ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ያገኘሁትን ለእሱ ብቻ ጽፌ ከማስቀር ለእናንተ ለውድ አንባቢዎቼም ላካፍል ወደድሁ፤ ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አላገኘሁትምና።

በቅድሚያ ሰውየውን ለማያውቃቸው ባጭሩ ላስተዋውቅ። ሐኪም ወርቅነህ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝና ዓፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ እሳቸው ገና የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኮንኖች አንሥተው ወደ ህንድ ወሰዷቸው። ኮሎኔል ቻምበርሌን «ቻርልስ» የሚለውን የራሱን ስም ሰጣቸው፤ እሱ ሲሞት ደግሞ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ትምህርታቸውን ስላስተማራቸው የእሱን ስም ጨመሩ። ልጁ በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድ አዳበሩት፤ በበርማ አገለገሉ። ወርቅነህ የተባለው ሕፃን ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ፍለጋው ልመለስ። በመጀመሪያ «ወርቅነህ» ብዬ ጻፍሁ። በላቲን ፊደል ይህን ስም የሚጽፍበት መንገድ ለሁሉም የተለያየ ነው። አንዱ «ቀ»ን እንደ «ከ» ይቆጥራታል፤ ሌላው ልዩ ፊደል ይፈልግላታል፤ ሦስተኛው በአናባቢዎቹ ላይ ነጥብ ይደረድራል። ለመረጃ ቋቱ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከዚህም በላይ የመጡልኝ ጽሑፎች አብዛኞቹ ስለ ስንዴ ዋግ፣ ስለ አፈር አሲዳማነትና ስለ ወባ ነበሩ። ጸሐፊዎቹ አባታቸው ወርቅነህ የተባለ የዘመናችን ተመራማሪዎች ናቸው። እሰየው፣ ይብዙልን! ነገር ግን የምፈልገው እነርሱን አልነበረም።

ቀጥዬ «እሸቱ» ብዬ ሞከርሁ። የፈረንጅ ማውጫ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ፣ አንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ሐኪሙን በአባታቸው ስም መድቧቸዋል። እኛ ዘንድ አባት በልጁ ስም ላይ ይከተላል እንጂ ልጁን አይተካም። በማውጫው ግን አቶ እሸቱ ልጃቸውን ተክተው ቁጭ ብለዋል።

በሦስተኛው «ቻርልስ ማርቲን» አልሁ። እንደ ጎርፍ ወረደብኝ! አንዱ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነው። ሌላው ሐኪም፣ ያውም በዚያው ዘመን የኖረ ሆኖ ሳገኘው ደስ አለኝ፤ ነገር ግን ደስታዬ አልቆየም። ይህ እ.ኤ.አ. ከ1866 እስከ 1955 የኖረው ቻርልስ ጄምስ ማርቲን ነው፤ በአውስትራሊያ የእባብ መርዝን ያጠና፣ በህንድ የቸነፈር ምርምር የተካፈለ፣ በለንደን የሊስተር ኢንስቲትዩትን የመራ ታላቅ ሳይንቲስት። ዶክተር፣ ማርቲን፣ ህንድ፤ ሦስቱም ገጠሙ፤ ሰውየው ግን ሌላ ነው። አንድ ቸኩሎ የሚጽፍ ተማሪ የእባቡን መርዝ ለእኛ ሐኪም ቢሰጥ አይፈረድበትም።

በመጨረሻ «ማርቲን»ን ከ«አቢሲኒያ» ጋር አጣመርሁ። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። በ1920 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በጣና ሐይቅ ላይ ግድብ እንዲሠራ ከአሜሪካው የጄ. ጂ. ዋይት የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ለመደራደር ወደ ኒውዮርክ የላኳቸው ሰው ዶክተር ማርቲን ናቸው። ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የዓባይን ወራጅ የሚያግድ ሥራ እንደማይሠራ ተጽፎ ስለ ነበር፣ ወሬው በጋዜጦች ሲወጣ ለንደን ተንጫጫች። በዚያው ጉዟቸው ከሐርለም ጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ ጋበዙ። ጣልያን በወረረን ጊዜም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ለፍርድ የጮኹት፣ በጋዜጦቹ ዓምዶች ላይ «ዶክተር ማርቲን» እየተባሉ ነው።

ታዲያ ምን ማለት ነው? ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የዚህን ወንዝ የዲፕሎማሲ ታሪክ የሚያጠና ወጣት «ወርቅነህ» ብሎ ብቻ ቢፈልግ፣ ከዘጠና ዓመት በላይ ቀድሞ የተሞከረውን ያገኘዋልን? የሚያገኘው የማረከንን ጦር መኮንን ስም ሲጠራ ነው። ቁልፉ ያለው በዚያ ስም ውስጥ ነው። የወዳጄም ስሕተት ይኸው ነበር፤ ሰውየውን እናታቸው በምትጠራቸው ስም ፈለጋቸው፤ መዝገቡ ግን በሌላ ስም ነው የሚያውቃቸው።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ከመቅደላ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪታኒያ ሙዚየም ገብተው፣ ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ካታሎግ በቁጥር በቁጥር ተመዝግበዋል። ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው የፈጀው! የብራናው ቅጠል ብዛት፣ የጸሐፊው እጅ፣ የባለቤቱ ስም ሳይቀር ተጽፏል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ዓለማየሁም ልዑል ነበርና እስከ ሞተበት እስከ 1879 እ.ኤ.አ.፣ ከዚያም በዊንዘር እስከ ተቀበረበት ድረስ ዱካው አልጠፋም። ወርቅነህ ግን ልዑል አልነበሩም፤ ብራናም አልነበሩም። ስለዚህም ካታሎግ አልተበጀላቸውም። የእሳቸውን ታሪክ ዛሬ የምናውቀው ተመልሰው ስለመጡ ብቻ ነው። ሳይመለሱ የቀሩ ቢኖሩስ በየትኛው ስም እንፈልጋቸው?

የተመለሱበትም መንገድ ትምህርት ይሰጣል። የዐድዋን ድል ወሬ በበርማ ሰምተው ወደ አገራቸው መጡ። አማርኛ አያውቁም። ስማቸው ማርቲን ነው። አያታቸው የለዩአቸው በክንዳቸውና በእግራቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ነው። ስም ሲለወጥ ጠባሳ አልተለወጠም። መዝገብ የሚያውቀው ስምን ነው፤ ቤተሰብ ግን ጠባሳውን ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራቸው ረጅም ነው። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን አስተዳደሩ፤ የጨርጨር ገዥ ሆኑ፤ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉ። የከፈሉትም ዋጋ ከባድ ነው። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በፋሺስቶች ተገደሉ። እሳቸውም በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

አሁን ለወጣቱ ወዳጄ መልሴ ይኸው። ሰውየውን አላገዘፍናቸውም፤ በሦስት መሳቢያ ተከፋፍለው ስለ ተቀመጡ አነሱብህ። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ለውጥ ፋና ወጊዎች በጻፉት መጽሐፍ ታገኛቸዋለህ። ፒተር ጋረትሰንም እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው የሕይወት ታሪካቸው ርእስ ላይ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስፍሯል፤ መሳቢያዎቹን የገጠመ እሱ ነው። ልብ በል፣ የጋረትሰን ዋናው ምንጭ ሐኪሙ በእጃቸው የጻፉት የዕለት ማስታወሻ ነው። ያንን ያቆየው ቤተሰባቸው ነው እንጂ ሙዚየም አይደለም።

እኛ «ታሪካችን ተሰረቀ» እያልን ስንጮህ ኖረናል፤ እውነትም ተሰርቋል። ሆኖም በየቤታችን ያለውን የአባቶቻችንን ደብዳቤና ማስታወሻ ስንቶቻችን ጠብቀነዋል? ከአያት ስም ጋር ጽፈን፣ ዘመኑን አስታውሰን፣ ለተመራማሪ የሚሆን ስፍራ ያስቀመጥን ስንት ነን? የተወሰደብንን መጠየቅ መብታችን ነው፤ በእጃችን ያለውን መጠበቅ ደግሞ ግዴታችን ነው። የራሱን ሰው ስም በራሱ መዝገብ ያላሰፈረ ሕዝብ፣ ልጁን ባዕድ በሰጠው ስም እየጠራ ይፈልጋል።

ቸር እንሰንብት።