በሩን ያንኳኳችው ሴት

እኅቶቼ፣ የዛሬውን ወሬ ያገኘሁት ከአሠሪዬ ቤት ነው። ትንሿ ልጅ ማታ ማታ ካልተነበበልኝ አልተኛም የምትለው የጥንቸሉ የፒተር መጽሐፍ አለ። የደራሲዋን የቢያትሪክስ ፖተርን ታሪክ ስጠይቅ፣ እንጉዳይ እንዴት እንደሚበቅል ያጠናች ሴት መሆኗን ሰማሁ። በ1897 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጽሑፏ ለንደን ባለው የሊኒየስ ማኅበር ቀረበ። ያቀረበላት ግን ወንድ ነው፤ እሷ ሴት ስለሆነች ስብሰባው ላይ መገኘት አልተፈቀደላትም።

ማኅበሩ በ1788 የተቋቋመ፣ የተፈጥሮን ታሪክ የሚያጠና ነው። በሊኒየስ የተሰበሰቡ፣ በመርፌ የተሰኩ ከ3,000 የሚበልጡ ነፍሳትን እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ጢንዚዛውን፣ ቢራቢሮውን፣ እኛ በመጥረጊያ የምናባርረውን ሁሉ! ከመቶ ዓመት በላይ ግን አንዲት ሴት አባል አልነበረችውም።

በ1900 ማሪያን ፋርኩሃርሰን የምትባል ፈርን የተባለውን ተክል የምታጠና ሴት፣ ሴቶችም በአባልነት ይመረጡ ብላ ለማኅበሩ ጻፈች። እምቢ አሏት። እንደገና ጻፈች። እንዲህ ስትመላለስ ቆይታ በ1903 አባላቱ ድምፅ ሰጡበት፤ በ1904 ደንቡ በንጉሥ ፈቃድ ተለወጠ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ 16 ሴቶች ለምርጫ ቀረቡ። ነፍሳትን የምታጠናው አሊስ ኤምብልተን አለፈች፤ ሌሎችም አለፉ፤ በጠቅላላው 15። የቀረችው አንዷ ማሪያን ናት! እኔ ይህን ስሰማ የያዝሁትን ሰሐን አስቀምጬ ተቀመጥሁ። ጥፋቷ ብዙ መጠየቋ ይመስለኛል። አንዳንድ ቤት እኮ ሥራውን እየወደዱ ተናጋሪዋን ይጠላሉ፤ ይህን ለእናንተ አልነግርም።

በ1908 በመጨረሻ መረጧት። እንደ ጽዋ ማኅበራችን ስምሽን ሌላ ሰው ቢጽፍልሽ የሚበቃ አልነበረም፤ የተመረጠ ሰው ራሱ ቀርቦ በመዝገቡ ላይ መፈረም አለበት። በራስ እጅ ሳይፈረም የማይጸና ወረቀት ምን እንደሆነ መቼም እናውቃለን። ማሪያን በዚያን ጊዜ ታማ ነበር፤ ለመፈረም ለንደን መሄድ አልቻለችም። በ1912 ሳትፈርም ሞተች።

ልጅቷ አሁንም ማታ ማታ ፒተርን አንብቢልኝ ትለኛለች።